የታሪክ መጽሐፍ ጣጣው ከግሡ ይጀምራል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ በአንድ ግሥ የታወቀች ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አጠገቧ ይስማ ንጉሥ ላይ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ላይ ደም ፈሰሰ። ይህን በየዓመቱ የምናስተምር መምህራን የገዛ መማሪያ መጽሐፋችንን ግሦች ግን አንመረምርም።

በታሪክ ትምህርት ላይ ያለው የፖለቲካና የሃይማኖት ጫና ሲነሳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የገጽ ቆጠራ ነው፤ የትኛው ንጉሥ ስንት ገጽ ተሰጠው፣ የእኛ ሃይማኖት ለምን በሁለት አንቀጽ ታለፈ፣ የአገሪቱ ታሪክ የሦስት ሺህ ነው ወይስ የመቶ ዓመት። ጫናው ግን በዚያ በር አይገባም። የሚገባው በግሥ፣ በምንጭ አጠቃቀም፣ በመጨረሻው ምዕራፍና በፈተና ጥያቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ እንዴት እንደሚፈጸም ግን የሚወሰነው መርሐ ትምህርቱን በሚቀርጹ፣ መጽሐፉን በሚጽፉና በሚያርሙ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ስለ 1270 እ.ኤ.አ. ሲጻፍ «የሰለሞናዊው ሥርወ መንግሥት መመለስ» የሚል ርእስ ተለምዷል። «ተመለሰ» ማለት ቀድሞ ነበረ ማለት ነው፤ ዛጉዌዎች ደግሞ የሰው ዙፋን የያዙ ሆኑ ማለት ነው። የዘር ሐረጉን በስፋት የሚተርከው ክብረ ነገሥት በግእዝ የተጠናቀረው ግን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው። ሥልጣኑን ለማግኘቱ ምክንያት የሆነው ቅዱስም በትውፊቱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ለሐይቅ እስጢፋኖሱ ኢየሱስ ሞዓ፣ ሌላው ለተክለ ሃይማኖት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ መጽሐፉ ትውፊቱን መካድ አይጠበቅበትም። «ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ያዘ፤ ከሰለሞን ዘር ነኝ የሚለው ቤተ መንግሥት የጻፈውና ያስፋፋው ታሪክ ሥልጣኑን መመለስ ብሎ ይጠራዋል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 ይህንኑ የዘር ሐረግ ሕግ አድርጎት ስለነበር፣ በዚያ ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ሊጠራጠር አይችልም ነበር። ሕጉ ከተሻረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ግሡ ግን እስካሁን አገልግሎት ላይ ነው።

ቦሩ ሜዳ የበለጠ ይከብዳል። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰበሰቡት ጉባኤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ወስኗል፤ የመጽሐፍ ስህተት የሚፈጠረው ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታሰሩ ነው። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ተዋሕዶ ጸንቶ የጸጋ ልጅ ወይም ሦስት ልደት የሚባለው ትምህርት ተወገዘ። ሁለተኛው የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ የወጣው ትእዛዝ ነው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርጎ ሚካኤል ተባለ፤ አባ ዋጠው ምኒልክን አድርጎ ኃይለ ማርያም ተባለ። ያልተቀበለው ተሰደደ ወይም ተዋጋ፤ ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር የመሩት ተቃውሞ ከዚህ የመነጨ ነው። ከተጠመቁትም «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» የተባሉ ነበሩ።

ይህ ሁሉ «የሃይማኖት አንድነት ተመሠረተ» በሚል አንድ ሐረግ ከታለፈ፣ ከክፍሉ ተማሪ ብዙው ቅድመ አያቱ ከታሪክ እንደተሰረዘ ይሰማዋል። በተቃራኒው «ዮሐንስ ሙስሊሞችን አሳደደ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምክንያቱ ይጠፋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጋር ተዋግተው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የመጡ ሰው ናቸው፤ ወሎ ከግብፅ ጋር ይወግናል የሚል ስጋት ነበራቸው። ምክንያትን መግለጽ ድርጊትን ማጽደቅ አይደለም፤ ይህን ልዩነት የ14 ዓመት ልጅ በደንብ ይረዳዋል፤ የሚቸገሩት አዋቂዎች ናቸው። ስለዚህ ቦታው በሦስት የተለያዩ አንቀጾች ይጻፍ፤ ጉባኤው ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምን ወሰነ፣ ስለ ሙስሊሞች ምን ታዘዘና ለምን፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። በሦስተኛው ውስጥ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዐጀሚ የሚባለው ቅርስ ቢገባ፣ የወሎ ታሪክ የሚጻፈው ከዜና መዋዕል ብቻ እንዳልሆነ ልጁ በዓይኑ ያያል።

ስለ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ሦስት ግሦችን ደርድሮ ማየት ይበቃል፤ «ሰለመ»፣ «ሰለመ ተባለ»፣ «ሰልሟል ተብሎ ተከሰሰ»። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፣ ሁለተኛው ወሬ ነው፣ ሦስተኛው ሰነድ ያለው ድርጊት ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ያወረደው አዋጅ የከሳሽ ጽሑፍ ነው፤ በጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ያሸነፈውም ከሳሹ ወገን ነው። የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ቢያሸንፍ ኖሮ መጽሐፉ ምን ይል እንደነበር ተማሪን መጠየቅ ጥሩ መልመጃ ይሆናል። በዚያ ላይ ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማቲክ ጽሕፈት ቤቶች) ወጣቱ ገዥ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበሉን ፈርተው ነበር። ይህ ካልተጨመረ ጉዳዩ የአንድ ሰው የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከፋውና ለማየት የሚያስቸግረው ጫና የ«ይባላል» አድሏዊ አጠቃቀም ነው። ስለ ነጃሺ ሲጻፍ «ሙስሊሞች እንደሚያምኑት» ተብሎ፣ ስለ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም መምጣት ግን ያለ «ይባላል» በቀጥታ «መጣ» ከተባለ፣ መጽሐፉ አንድም ቃል ሳይሳደብ ወግኗል። በተገላቢጦሽም ይሠራል። ይህን ለመፈተሽ ሁለት ባለቀለም እስክሪብቶና አሥር ገጽ ይበቃል። ሃይማኖታዊ ትውፊት በተጠቀሰ ቁጥር «እንደሚሉት»፣ «ይባላል»፣ «ምንጩ እንደሚያስረዳው» የሚል ማሰሪያ ካለ በአረንጓዴ፣ ከሌለ በቀይ ይሰመር። ከዚያ አረንጓዴውና ቀዩ በየትኛው ሃይማኖት ላይ እንደበዛ ይቆጠር። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ገጹ መታረም አለበት፤ ጸሐፊው ያደረገው ሆን ብሎም ይሁን በልማድ ለውጥ የለውም።

የማሰሪያው ደንብ ቀላል ነው። ስለ 615 እ.ኤ.አ. ስደት፦ «የእስልምና ምንጮች የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም ተሰደው በንጉሡ መጠለያ እንዳገኙ፣ ንጉሡም እንደሰለመና ሲሞት ነቢዩ በሌለበት እንደሰገዱለት ይናገራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን የነገሥታት ዝርዝሮች ግን ይህ አልተመዘገበም።» በዚህ ማንም አልተነካም። ስለ ዒዛና ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አለን፤ ሳንቲሞቹ ቀድሞ የነበረባቸው ጨረቃና ክብ ቀርቶ መስቀል ይታይባቸዋል፤ የድንጋይ ጽሑፎቹም የአምላኩን አጠራር ይለውጣሉ። እዚህ ላይ «ይባላል» አያስፈልግም፤ ቁሳዊ ማስረጃ አለና። ተማሪው የሁለቱን ልዩነት፣ ማለትም በትውፊት የተያዘንና በእጅ የሚዳሰስን ማስረጃ መለየትን ከተማረ፣ ከታሪክ ትምህርት የሚፈለገውን ግማሽ አግኝቷል። ስለ አህመድ ኢብን ኢብራሂምም እንዲሁ ነው። «ግራኝ» የቅጽል ስም ነው፣ «ኢማም» የማዕረግ ስም ነው፤ መጽሐፉ ሁለቱንም አንዴ አስተዋውቆ በሙሉ ስሙ መቀጠል ይችላል። ከሽምብራ ኩሬ (1521 ዓ.ም.) እስከ ወይና ደጋ (1535 ዓ.ም.) ካለው ዘመን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኢማሙ ወገን ዓረብ ፈቂህ፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን በነገሥታቱ ወገን የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ጽፈዋቸዋል። ሁለቱም የዓይን ምስክር ይዘዋል፤ ሁለቱም ወግነዋል። ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው ነገሩ የሚፈካው።

የ9ኛ ክፍል ታሪክ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ያስተምራል፤ እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይከፋቸዋል፣ ብርቅ ስምምነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምዕራፉን በሁለት ክፍለ ጊዜ ሮጦ ማለፍ ነው። መፍትሔው መሮጥ ሳይሆን ማጥበብ ነው፤ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተገምቷል፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህል ተገኝቷል። መምህሩ የሚያስተምረው አፅም እንዴት እንደሚገኝ፣ ዕድሜው እንዴት እንደሚለካ ነው። ስለ ፍጥረት የሚያስተምረው ሃይማኖቱ ነው፤ ፈተናም የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የፖለቲካው ጫና መልክ ደግሞ ወሎን በሚያውቅ ሰው ዘንድ አንድ ስም አለው፤ ረሃብ። የ1965 እና 66ቱን ረሃብ የዘውዱ መንግሥት ደበቀው፤ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ያንኑ ረሃብ የፊውዳሉን ሥርዓት ማሳያ አድርጎ አስተማረ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛውን የአብዮት በዓል ሲያከብር ግን የራሱን ረሃብ ደበቀ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው መንግሥት በተራው ያንን አስተማረ። እያንዳንዱ መንግሥት የሌላውን ረሃብ በሙሉ ድምፅ፣ የራሱን በሹክሹክታ። ቁጥሩም ያው ነው፤ ለ1965 እና 66ቱ የሟቾች ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ፣ ለ1977ቱ ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። መጽሐፍ ከዚህ መካከል አንዷን ቁጥር መርጦ ሲያትም ፖለቲካ እየሠራ ነው። ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም አትሞ፣ ግምቱ ለምን እንደሚለያይ (የተመዘገበ ሞት አለመኖሩ፣ የተፈናቃይ ብዛት፣ በረሃብ የሞተውን በወረርሽኝ ከሞተው መለየት መቸገሩ) በሦስት መስመር ማስረዳት ይቻላል።

ሌላው የተረሳ በር ቋንቋ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ኅብረተሰብ ሳይንስ በአማርኛ፣ በከሚሴ አካባቢ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ታሪክ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የኦሮሞ እንቅስቃሴ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ፖፑሌሽን ሙቭመንት» ይለዋል፤ ጠንቃቃ ቃል ነው። ነገር ግን ተማሪው እንግሊዝኛው ስለማይገባው መምህሩ ይተረጉምለታል፤ አንዱ «ወረራ» ይላል፣ ሌላው «ፍልሰት»፣ ሦስተኛው «መስፋፋት»። አዘጋጆቹ ወራት የተጨቃጨቁበት ቃል በአፍ ትርጉም በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ የመምህሩ መምሪያ ለአከራካሪ ቃላት የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ አቻ ዝርዝር ይኑረው፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ቃል ይበቃል። ወሎ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ እንቅስቃሴ የመጣ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ሰፊው ክፍል ቤተ አማራ ይባል እንደነበር አብሮ መናገር ደግሞ አንድን ሕዝብ እንግዳ፣ ሌላውን ባለቤት ከማድረግ ይጠብቃል።

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ አጭር ነገር። ማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ በሥልጣን ላይ ባለው መንግሥት ዘመን ያበቃል፤ ያ ክፍል በየዘመኑ የሥራ ሪፖርት ይመስላል፤ ግሦቹም «ተገነባ»፣ «ተስፋፋ»፣ «ተረጋገጠ» ናቸው። ደግነቱ ብዙ ትምህርት ቤት እዚያ ሳይደርስ ግንቦት ያልቃል። ለማንኛውም፣ ከመጽሐፉ ኅትመት በፊት ያሉት አሥር ዓመታት በትረካ ሳይሆን በሰነድ ይቅረቡ፤ አዋጅ፣ ካርታ፣ ሠንጠረዥ። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ ያለፈው ጦርነትም እንዲሁ። የደሴ ሙዚየም በዚያ ጊዜ ተዘርፏል፤ የቀረን የሰው ቃል ነው። ተማሪው ዛሬ ሊሠራ የሚችለው ምዕራፍ መጻፍ ሳይሆን ቃል መመዝገብ ነው፤ ማን ተናገረ፣ የት ሆኖ አየ፣ በምን ቀን፣ ራሱ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን።

አሁን ስለ ፈተናው። ብሔራዊ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ አራት አማራጭ፣ አንድ መልስ። «ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረደው ለምንድን ነው?» ተብሎ «ስለሰለመ» መልስ ከሆነ፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ተማሪው የሚይዘው ይህን ነው። ጥያቄው ሳይጠፋ ሊታረም ይችላል፦ «መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ልጅ ኢያሱን የከሰሰው በምንድን ነው?» መልሱ አሁንም አንድ ነው፣ ማረሚያ ማሽኑም አይቸገርም። አከራካሪ ርእስ ላይ የሚወጣ ጥያቄ ሁሉ ምንጩን ከነስሙ ይጥራ።

ክፍል ውስጥ ይህ እንዴት ይሠራል ለሚል፦ 40 ደቂቃ ነው ያለው፣ ተማሪው ብዙ፣ መጽሐፉ ጥቂት። ስለዚህ ረጅም ምንጭ አይሆንም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ወገን፣ ሁለት ከሌላው፣ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ከሥሩ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደጻፈና ከማን ጋር እንደነበረ። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ለመጻፍ፣ 15 ለንባብና ለግሥ ምርመራ፣ 15 ለክርክር፣ የቀረው ተማሪው በራሱ ደብተር «ሁለቱም የሚስማሙበት» እና «የሚለያዩበት» ብሎ ለሚጽፈው። የሚበላሸው ክርክሩ ላይ ነው፤ ተማሪው የየራሱን ሃይማኖት ምንጭ እንዲያነብ ከተደረገ ክርክሩ ወዲያው ስድብ ይሆናል። አንድ ዘዴ አለ፤ ሙስሊሙ ተማሪ ዜና መዋዕሉን፣ ክርስቲያኑ ዓረብ ፈቂህን አንብቦ ያስረዳ። የሌላውን ወገን ቃል በራስ አፍ ሲናገሩ ድምፅ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሚበላሽ ነገር ከክፍሉ ውጭ ነው፤ ልጁ ቤት ሄዶ ግማሹን ይናገራል፣ ወላጅ በማግሥቱ ይመጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱ ምንጮች ከነጸሐፊዎቻቸው በዕለታዊ ዕቅዱ ላይ ቀድመው መጻፋቸውና የዲፓርትመንት ኃላፊው መፈረሙ ነው። ያልተጻፈ ነገር መከላከል አይቻልም።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልሉ ትምህርት ቢሮ የምናቀርበው ጥያቄ ጥቂት ነው። የሃይማኖት ተቋማትም ሆኑ ፖለቲከኞች ስለ መጽሐፉ አስተያየት መስጠታቸው ችግር የለውም፤ ችግሩ አስተያየቱ በስልክና በስብሰባ ሲሰጥ፣ ቃሉ ሲለወጥ፣ ማን እንዳስለወጠው ሲጠፋ ነው። አስተያየት በጽሑፍ ይሁን፤ ገጽ፣ መስመር፣ የተቃወሙት ቃል፣ ማስረጃው። መልሱም በጽሑፍ። የሃይማኖት ተቋም የገዛ እምነቱ በትክክል መገለጹን ሊያርም ይችላል፤ የሌላውን ታሪክ ሊያስወጣ ግን አይችልም። የአዘጋጆቹና የገምጋሚዎቹ ስም፣ የታረመበት ዓመትና ከቀድሞው እትም የተለወጡ ቦታዎች ዝርዝር በመጽሐፉ ውስጥ ይታተም። ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ መስመር ምክንያት።

አንዳንዶች መፍትሔው እኩል ገጽ ማካፈል ነው ይላሉ። ያ ሁለት ትይዩ ታሪኮችን ይሰጠናል፣ አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ የመስጊድ፤ የሰኞውን የባቲ ገበያ፣ ከክርስቲያንም ከሙስሊምም የሚወለደውን የወሎ ቤተሰብ፣ የአርጎባን ነጋዴ የሚጽፍ ገጽ ግን አይኖርም።

መጽሐፉ በሙሉ እንደገና እስኪታተም መጠበቅም አያስፈልግም። የማረሚያ ወረቀት በቂ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቅጠል ግራ ላይ አሁን ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ቀኝ ላይ የታረመው። ከመስከረም በፊት ከደረሰ በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ይለጠፋል። በቦሩ ሜዳ፣ በልጅ ኢያሱና በ1270 ቢጀመር፣ ዓረፍተ ነገሮቹን አዘጋጅተን ለመላክ ዝግጁ ነን።

የታሪክ መምህራን
ከደሴና ከኮምቦልቻ